የዱሬሳ ፈረንሳይኛ

ሰኔ 9 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት በፈረንሳይኛ ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ጽፌ ሳነበው አንድ ስህተት አገኘሁበትና ቀደድኩት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ምንም አላገኘሁም፤ ግን ያላገኘሁት ስህተት ስለሌለ ይሁን ስህተቱን ስለማላውቀው ይሁን እርግጠኛ መሆን አቃተኝ፤ እሱንም ቀደድኩት። ባለቤቴ የሺሐረግ ቅዳጁን ሰብስባ ከሰል አቀጣጠለችበት። በዚህ አያያዝ ደብተሩ ሳይጀመር ማለቁ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ይሁን ብያለሁ።

ዛሬ የጣቢያችን ሹም አቶ ገብረጻድቅ ከትኬት መስኮቴ አጠገብ ማስታወቂያ ለጠፉ። ለአቃቂ ጣቢያ ረዳት ሹም ሊሾም ነው። ከጣቢያው ሠራተኞች የፈለገ ይመዘገባል። ፈተናው በመስከረም ለገሃር ነው፤ መጀመሪያ በጽሕፈት፣ ቀጥሎ በቃል፤ ሁለቱም በፈረንሳይኛ። የቃሉን የሚፈትነው የመስመሩ ተቆጣጣሪ፣ ፈረንሳዊው ሙሴ ፔራን ነው።

ጽሕፈቱ አያሳስበኝም። ከዚህ ጣቢያ ወደ ለገሃር የሚሄደውን ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ሙሴ ፔራን በደብዳቤዬ ጠርዝ ላይ በቀይ እርሳስ አመስግኖኝ መልሶታል።

ከእኔ ሌላ የተመዘገበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዕቃ መዛኙ ዱሬሳ። ስሙን ሲያስመዘግብ አቶ ገብረጻድቅ፣ «አንተ ደግሞ መጻፍ የት ታውቃለህ?» አሉት። እሱም፣ «እጽፋለሁ ጌታዬ፤ የሚቸገረው የሚያነበው ሰው ነው» አላቸው። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሰኔ 12

የዱሬሳን ፈረንሳይኛ መግለጽ ያስቸግራል። ዘመዶቹ እዚሁ ወንዙ ማዶ ገበሬዎች ናቸው። እሱ በጎረምሳነቱ ሐዲድ ከሚጠግኑ ፈረንጆች ጋር ሲውል ከመሬት የለቀመው ቋንቋ ነው። የወንዱን በሴት፣ የትናንቱን በነገ ይናገራል። ቃል ሲጠፋው አማርኛ ይጨምርበታል፣ አማርኛው ሲያጥረው ኦሮምኛ፣ እሱም ካልበቃ እጅ አለው። ያም ሆኖ ከባቡር የወረደ ፈረንጅ ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። በመስኮቴ አያቸዋለሁ። ይሳሳቃሉ፣ ትከሻውን መታ ያደርጉታል፣ ሲጋራ ይለኩሱለታል። እኔ ሰዋስዉን ከዳር እስከ ዳር የያዝኩት ሰው መልስ ቆጥሬ አቀብላለሁ።

ዛሬ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ ጋር ሲነጋገር አዳመጥኩት። አንድ ቀጥ ያለ ዓረፍተ ነገር ከአፉ አልወጣም። ነጋዴው ግን የፈለገውን አግኝቶ እጁን ጨብጦት ሄደ። ይህ እንዴት ይሆናል?

ቀናሁ ብዬ አልጽፍም። ሰው በስህተት አይቀናም።

ሰኔ 17

በእኛ ሥራ ባቡር ዝም ብሎ አይለቀቅም። ሐዲዱ አንድ ስለሆነ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ፣ ከመልቀቃችን በፊት መስመሩ ነጻ መሆኑን በስልክ እንጠይቃለን። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ነጻ ነው ብሎ የባቡሩን ቁጥር ይደግማል፤ እኛም እንደግማለን። ቃሉ ተወስኖ የተሰጠ ፈረንሳይኛ ነው፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። እኔ እሱን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የምወጣው። ያን ጊዜ ድምፄን የሰማ ፓሪስ ያደግሁ ይመስለዋል።

ችግሩ ሰውዬው ከተወሰነው ቃል ሲወጣ ነው። ዛሬ ስልኩን ያነሳው ራሱ ሙሴ ፔራን ነበር። ቁጥሩን ከደገመ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ዝናቡ እንዴት ነው ማለቱ ነው። ገብቶኛል። መልስም አለኝ፤ እንዲያውም ሦስት መልስ አለኝ። የትኛው ይበልጥ ያምራል እያልኩ ሳማርጥ፣ «አሎ? አሎ?» ማለት ጀመረ። እጄን አላበኝ። «አሎ፣ አይሰማም፣ መስመሩ ተበላሽቷል» ብዬ ዘጋሁት።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከማንም አሳምሬ እላታለሁ።

ሰኔ 19

የስልክ ሽቦ ጠጋኙ ቀናው ታዞ መጣ። የአቃቂ መስመር ይበላሻል ተብሎ። ቀኑን ሙሉ በዝናብ ከምሰሶ ምሰሶ ሲወጣ ሲወርድ ዋለ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባና፣ «ሽቦው ደህና ነው አቶ ተሰማ» አለኝ። እርጥበት ይሆናል አልኩት።

ሰኔ 26

ሙሴ ፔራን ሐዲዱን እየተመለከተ በእጅ በሚገፋ የሐዲድ ጋሪ መጣ። ይህ ሰው አማርኛ ይሞክራል። አቶ ገብረጻድቅን «አንቺ ደህና ነሽ?» አላቸው፤ የጣቢያውን ውሻ ደግሞ «ይቀመጡ» አለው። ሰው ሁሉ ወደደው። ቆሎ ሻጯ አሰፋች፣ «አማርኛው ሲጣፍጥ» አለች። ማንም አላረመውም። እኔም አላረምኩትም፤ ፈረንጅ አይታረምም።

ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ደብዳቤዎቼ ጥሩ መሆናቸውን በፈረንሳይኛ ነገረኝ። አንድ ጥያቄ አስከተለ። ፈገግ አልኩ። ፈገግታ ለብዙ ጥያቄ መልስ ይሆናል። ሌላ ጠየቀኝ፤ አሁንም ፈገግ አልኩ። ይኼኔ ዱሬሳ ከሚዛኑ ተነስቶ መሐላችን ገባና ስለ እኔ መለሰለት። ምን እንዳለው እግዜር ይወቅ፤ ሙሴ ፔራን እየሳቀ ሄደ።

«ዓይናፋር ነው፣ የምትፈልገውን ጻፍለት ብዬልሃለሁ» አለኝ ዱሬሳ።

ለየሺሐረግ ስነግራት፣ «ሊረዳህ ብሎ እኮ ነው» አለች። እኔ ማን እርዳኝ አለው?

ሐምሌ 2

ዱሬሳ ቤት መጣ። ከእናቱ ቤት በቅል ወተት ይዞ። ከመቀመጡ ለየሺሐረግ ስለ አንዲት ፈረንጅ ሴትና ስለ ጠፋ ሻንጣዋ አወራላት። ሴትዮዋን ሆኖ፣ ሻንጣውን ሆኖ፣ ራሱን ሆኖ። የሺሐረግ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ።

የመጣበት ጉዳይ ፈተናው ነው። «ጽሕፈቱ ይጥለኛል። አንተ ጽሕፈት አሳየኝ፣ እኔ ደግሞ ማታ ማታ በፈረንሳይኛ አብሬህ ላውራ። ምላስህ ይፈታል። ከዚያ ለማንኛችንም ይድረስ» አለ።

የእኔ ምላስ የታሰረ መስሎታል። ማውራቱን ተወው፣ ጽሕፈቱን ግን አስጠናሃለሁ አልኩት። ለጓደኛ የሚደረግ ነው። ለመሆኑ ምን ያህል እንደምታውቅ ልየው፣ እስቲ ስለ ሥራህ ተናገር አልኩት። ተናገረ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ አስቆምኩት። እንዲህ አይባልም፣ እንዲህ ነው የሚባለው። ሌላውንም አስቆምኩት።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ እንደዚህ ስል ሰው ሁሉ ይሰማኝ ነበር?» አለኝ።

«ይሰማህ ነበር» አልኩት።

ሳቀ። ግን ከሌላው ቀን ትንሽ ዘግይቶ ነው የሳቀው።

ሐምሌ 6

እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሐዲዱን ተከትዬ ብቻዬን ወደ ቃሊቲ በኩል ሄድኩና ሰው በሌለበት ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ስለ ሥራዬ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ፈረንሳይ አገር ወይን ሳይቀር። እንዴት ያምራል። አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ሙሴ ፔራን ያን ጊዜ ከቁጥቋጦው ሥር ቢቀመጥ ኖሮ ሹመቱን እዚያው ይፈርምልኝ ነበር።

አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ከኋላዬ ደረሱ። ወዲያው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ከንፈሬን ብቻ አነቃነቅሁ። ጸሎት የማደርስ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አንስተው አለፉ።

ሐምሌ 9

ዱሬሳ በየማታው ይመጣል። ጽሕፈቱን ገና አልጀመርንም። መጀመሪያ ንግግሩ ይጽዳ ብዬዋለሁ። በቆሸሸ ንግግር ላይ ጽሕፈት አይቆምም። ቶሎ ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ያረምኩትን ስህተት ደግሞ አይሳሳትም። ይህ ደግሞ ያናድዳል።

ሐምሌ 14

ዛሬ አንዲት ፈረንጅ ሴት ከልጇ ጋር ወርዳ እንደተለመደው ወደ ዱሬሳ ሄደች። «ቦንዡር ማዳም» አለና ቀጠለ፤ መሐል ላይ ቆም ብሎ ወደ መስኮቴ ዞረ። ራሴን ነቀነቅሁበት። አስተካክሎ ተናገረ። እንደገና ቆመ፣ እንደገና ወደ እኔ አየ። ሴትዮዋም ዘወር ብላ የሚያየውን ፈለገች። ሻንጣዋን አስመዝና ሌላ ሳትጠይቅ ሄደች። ሲጋራም ሳቅም አልነበረም።

ደስ አለኝ። መምህር በተማሪው ደስ ይለዋል።

ሐምሌ 20

ዝናብ። የድሬዳዋው ባቡር ዘገየ። መስኮቴ ላይ ግርግር። አንዱ ባላገር እርጥብ ብር ሰጥቶኝ ትኬቱ ረጠበ ብሎ ተቆጣኝ። ምሳ አልበላሁም። ዱሬሳ ዛሬ ከማንም ጋር አላወራም፤ ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ዋለ።

ሐምሌ 25

በመስኮቱ በኩል ሰማሁ። አሰፋች ቆሎዋን እየሰፈረች ለጓደኛዋ፣ «ዱሬሳ ምነው ዘጋ? ዱሮ ባቡር ሳይመጣ የሚያስቀን እሱ ነበር። ሰው ሞቶበት ይሆን?» አለች። ጓደኛዋ፣ «ሹመት ፈልጎ ነው አሉ፣ ሊከብር ነው» አለቻት።

ማታ የሺሐረግም ያንኑ አነሳች። «ዱሬሳን ምን አደረግኸው?»

«አስተማርኩት።»

«ትናንት ደጅ አግኝቼው ‹ወተቱ እንዴት ይጣፍጥ ነበር› አልኩት። መልሱን ሲያስብ ቆመ። በአማርኛ እኮ ነው የተናገርኩት ተሰማ።»

እየተጠነቀቀ ነው፣ መጠንቀቅ ደግሞ ጥሩ ነው አልኳት። ሰሐኑን ይዛ ተነሳች። ለእሱ ያን ያህል ከምታስብ ለእኔ ብታስብ ምን አለ? ፈተናው የእኔም ነው። ይህን ሳልናገር በልቤ ያዝኩት፤ አሁን ሳየው ጥሩ ነገር አይደለም።

ነሐሴ 3

የደረሰው ይህ ነው። እኔ ሒሳብ ስዘጋ ስልኩ ጮኸና ዱሬሳ አነሳው። ሙሴ ፔራን ነበር፤ የእሱ ድምፅ ከስልኩ እጀታ ወጥቶ ቢሮውን ይሞላል። ስለ አንድ ባዶ ፉርጎ ይጠይቃል። ዱሬሳ አፉን ከፈተ። አቆመ። እንደገና ከፈተ። ከዚያ፣ «አሎ፣ አይሰማም፣ መስመሩ ተበላሽቷል» ብሎ ዘጋው። ንጹሕ ፈረንሳይኛ ነበር። ከእኔ አፍ የወጣ መሰለኝ።

ወደ እኔ ዞሮ፣ «ትክክል አልኩት?» አለኝ።

ትክክል ነው አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

ነሐሴ 5

ቀናው እንደገና ምሰሶ ላይ ነው። ከመስኮቴ ይታየኛል። እንዳላየሁ ሆኛለሁ።

ነሐሴ 13

የዛሬውን ልጻፈው።

አቶ ገብረጻድቅ ለሥራ ቢሾፍቱ ወርደው ነበር። ቢሮው ውስጥ ያለነው እኔና ዱሬሳ ብቻ ነን። ቀናው ከዝናቡ ውስጥ እየሮጠ ገባ። ከጣቢያው ወዲያ በአዲስ አበባ በኩል ጎርፉ ከሐዲዱ ሥር ጠጠሩን ጠርጎ ወስዶታል፤ ሐዲዱ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። የቀትሩ ባቡር ደግሞ ከለገሃር ሊነሳ ነው። መስመሩ ነጻ ነው ብዬ ቁጥሩን የደገምኩለት እኔው ነኝ።

ስልኩ በሁለታችን መሐል ነው። መስኮቴ ላይ ሰው ነበረኝ። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ትኬት የሚጠይቅ ሰው ጥሎ መነሳት ደንብ አይደለም። ዱሬሳ አየኝ፣ እኔም ስልኩን አየሁት። እሱ አነሳው።

«አሎ» አለ። አንድ ቃል ጨመረና አቆመ። እጀታውን በእጁ ሸፍኖ፣ «ጠጠሩ ተጠርጎ ሄደ እንዴት ነው የሚባለው?» አለኝ።

አሰብኩ። በእውነት አሰብኩ። ጠጠርን አውቀዋለሁ። መጠረግንም አውቀዋለሁ፤ ግን ቤት ሲጠረግ የሚባለውና ጎርፍ ሲጠርግ የሚባለው አንድ ይሁን ሌላ ይሁን ጠፋኝ። ቆይ አልኩት። ቀናው፣ «እናንተ ሰዎች፣ ቁም ብቻ በሉት እንጂ» ብሎ ጮኸ። ቁም ማለትም ለሙሴ ፔራን በትሕትና ነው የሚባለው፤ ያለዚያ ስድብ ይሆናል። ከእጀታው ውስጥ «አሎ? አሎ?» ይላል። ቀጥሎ ዘጋ። መልሰን ስንደውል ሌላ ሰው ይዞታል።

በሰኔ ቢሆን ዱሬሳ፣ ሐዲድ የለም፣ ውሃ በላው፣ ባቡር እንዳትልክ ብሎ በተሰባበረ ፈረንሳይኛው አንድ ትንፋሽ ሳይሞላ ይጨርሰው ነበር።

ዱሬሳ ቀዩን ባንዲራ ከግድግዳው ነጥቆ ወጣ። በሐዲዱ መሐል ወደ አዲስ አበባ በኩል ሲሮጥ አየሁት፤ ጭቃው ጫማውን ሲያስቀርበት ጥሎት ሮጠ። እኔ ስልኩ አጠገብ ቀረሁ፤ አንድ ሰው መቅረት ነበረበት። ባቡሩ ጎርፉ ከጠረገው ቦታ አስቀድሞ ቆመ። ሰው አልተጎዳም። ተመስገን።

መንገደኞቹ በእግራቸው እየመጡ ዱሬሳን ተሸክመው አስገቡት። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እግሩ ይደማል። አሰፋች ነጠላዋን ቀድዳ አሰረችለት። የሺሐረግ ሰምታ ከቤት ስትሮጥ መጣችና ከእኔ አስቀድማ ወደ እሱ ሄደች። ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። ባልሮጥኩት ሩጫ ቀናሁ።

ነሐሴ 16

ሙሴ ፔራን መጥቶ መረመረ። ለምን በስልክ አልተነገረም? መስመሩ ተበላሽቶ ነበር አልን፤ እኔም ዱሬሳም። አቶ ገብረጻድቅ ወደ ቀናው ዞረው፣ «እውነት ነው?» አሉት። ቀናው እኔን ለረጅም ጊዜ አየኝና፣ «ዝናብ ነበር ጌታዬ» አላቸው።

ውጭ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ። «ሽቦው አንድ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። ከዛሬ ወዲያ በእናንተ ነገር ምሰሶ አልወጣም።»

ከለገሃር ደግሞ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ መጣ፦ የአቃቂ ስልክ አይሰማም በተባለ ቁጥር ሙሴ ፔራን ራሱ በጋሪ መጥቶ ያየዋል።

ነሐሴ 27

ጽሕፈት ጀምረናል። ዱሬሳ የሚጽፈው አጭር አጭር ነው፤ ስህተት ግን የለበትም። በቃል እናገራለሁ ሲል ያልበዋል። እኔ ያላብኩትን ላብ በሌላ ሰው ግንባር ላይ ማየት እንግዳ ነገር ነው።

ጳጉሜን 2

ዱሬሳ ከፈተናው ልውጣ አለኝ። «አንተ እያለህ እኔ ምን እሠራለሁ?» 

እንዳትቀር አልኩት። ብቻዬን ገብቼ ባልፍ፣ ዱሬሳ ቢኖር ኖሮ ይባላል። እድሜ ልኬን ይባላል። ይህን ግን አልነገርኩትም፤ በርታ፣ ታልፋለህ ነው ያልኩት። እጄን ይዞ አመሰገነኝ።

መስከረም 1 ቀን 1951 ዓ.ም.

አዲስ ዓመት። ልጆች አበባ ይዘው መጡ። የሺሐረግ ዘንድሮ ምን ትመኛለህ አለችኝ። ሹመቱን አልኳት። ሌላስ? አለችኝ። ሌላ አላሰብኩም ነበር።

መስከረም 16

ተፈተንን።

ጠዋት ጽሕፈቱ ነበር፤ አልቸገረኝም። ከምሳ በኋላ ለቃሉ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ የተጠራው ዱሬሳ ነው። አዲስ ኮት ተውሶ ለብሷል፤ እጅጌው ያጥረዋል። በሩ ስስ እንጨት ስለሆነ ሁሉ ይሰማል።

ሙሴ ፔራን ሞቅ አድርጎ ተቀበለው። አንድ ነገር ጠየቀው። ዝምታ። ጥያቄውን አቅልሎ ደገመው። ዝምታ። ወንበር ተንቋቋ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ከውስጥ ሆኜ ነው የማውቀው። ከውጭ ሲሰሙት እንዲህ የሚረዝም አይመስለኝም ነበር። ልቤ፣ «ተናገር፣ የመጣልህን ተናገር» አለ። ወዲያው ደግሞ ዝም እንዲል ተመኘሁ። ሁለቱንም እኩል ተመኘሁ ብል ውሸት ነው።

በመጨረሻ ዱሬሳ በአማርኛ፣ «ሙሴ፣ እኔ ፈረንሳይኛ አላውቅም። የማውቅ መስሎኝ ነበር። የሚያውቀው ተሰማ ነው፤ ለእሱ ይስጡት» አለ። ወጣና ፈገግ ብሎ፣ «ግባ፣ በርታ» አለኝ።

ገባሁ። የረዳት ሹም ተግባር ምን ምን እንደሆነ ክረምቱን ሙሉ በቃሌ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ሙሴ ፔራን ጠየቀኝ፤ ምን እንደጠየቀኝ ልብ አላልኩም፤ ንግግሬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወጣሁት። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አዳመጠኝ። ከዚያ የጽሕፈት ወረቀቴን አየ፣ ፈረመ፣ ተነስቶ ጨበጠኝ።

በሩ ላይ ስደርስ በአማርኛ ጠራኝ። «ዱሬሳ ታመመች?»

«አዎ» አልኩት።

መስከረም 19

ዱሬሳ እንኳን ደስ አለህ ሊለኝ አንድ ማሰሮ ቅቤ ይዞ መጣ። የሺሐረግ እንዲያወራላት ስለ ሰዎቹ ስለ ባቡሩ ጠየቀችው። ደህና ናቸው፣ ደህና ነው አላት። ሊሄድ ሲነሳ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ማንም ደፍሮ ያልነገረኝን አንተ ነገርከኝ። ያን ሁሉ ዘመን ሕዝብ ፊት ስዋረድ ኖሬአለሁ። ወንድም ማለት እንደዚህ ነው» አለኝ።

የሺሐረግ ይኼን ሰምታ ወደ ጓዳ ገባች። እሱን ከሸኘሁ በኋላም አልወጣችም። ሄጄ፣ «ምነው፣ ስሾም ደስ አይልሽም?» አልኳት።

«ይለኛል ብዬ ነበር» አለች። «አንተን አስመሰልከው። ሁለት ዝምተኛ ለአንድ ጣቢያ ይበዛል።»

የቅቤውን ማሰሮ አንስቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 4

አዲሱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጫለሁ። የአቃቂ ምድር ባቡር ጣቢያ ረዳት ሹም። ስልኩ አሁን የእኔ ነው፤ እዚሁ ፊቴ። ትኬት መስኮቱ ላይ አዲስ ልጅ አስቀምጠዋል። መስመር መጠየቁን እንደ ዱሮው አሳምሬ እወጣዋለሁ። ከዚያ ሌላ ሲጠይቁኝ፣ በደብዳቤ እገልጻለሁ እላለሁ። ይህቺንም አጥንቻታለሁ።

ፈረንጆቹ ሲወርዱ አሁን ወደ ማንም አይሄዱም። ሻንጣቸውን ይዘው ዙሪያውን ያያሉ፣ ከዚያ ይወጣሉ። ዱሬሳ ይመዝናል። በመስኮት ስመለከተው የምቀናበት ነገር አጣሁ። ሰውዬው ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

ጥቅምት 11

ዛሬ ሙሴ ፔራን ደወለ። ለፋብሪካ የመጣ ጥጥ የጫነ ፉርጎ ጠፍቷል። ከእኛ ጋር ቀርቷል ወይስ አልፏል፣ መቼ፣ ከየትኛው ባቡር ጋር፣ ማን ቆለፈው፣ እያከታተለ ጠየቀኝ። በደብዳቤ እገልጻለሁ አልኩ። አሁን ነው የምፈልገው አለ። አይሰማም እንዳልል፣ ያልኩ እንደሆነ በጋሪ ይመጣል፤ መጥቶ ደግሞ ፊት ለፊት ነው የሚጠይቀኝ። ፉርጎው የት እንዳለ አውቃለሁ። ከጣቢያው የዕቃ መጋዘን ኋላ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

እጀታውን ሸፍኜ ዱሬሳን ጠራሁት። እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ።

«አንተ ንገርልኝ» አልኩት።

«እኔ?»

«እንደ ዱሮህ። እጅህንም ጨምርበት፣ ኦሮምኛህንም ጨምርበት። ተሳሳት። ማርያምን ምንም አልልህም።»

እጀታውን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረገ። ደግሞ እኮ ሞክሯል፤ ከንፈሩ ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ከዚያ አፉን ከስልኩ መለስ አድርጎ፣ «ስህተት መሆኑን ካወቅሁት በኋላ እንዴት አድርጌ ነው የምለው?» አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። የምሩን ነበር፤ እንዲያውም መልሱን ከእኔ ይጠብቅ ነበር። መልስ ሲያጣ እጀታውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። ሙሴ ፔራን ከውስጥ «አሎ? አሎ?» ይላል። ድምፁ እስኪቋረጥ ድረስ ሁለታችንም ቆመን አየነው።